የጄኔራሎቹ ልብስ ሰፊ

ሲያትል በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ኖርዝጌት ገበያ አጠገብ ባለች ትንሽ የልብስ ማስተካከያ ሱቅ ሥራ አገኘሁ። ሱሪ እናሳጥራለን፣ ዚፕ እንቀይራለን፣ የወፈረ ሰው ኮት እናሰፋለን፣ የከሳ ሰው ቀሚስ እናጠባለን። የሚከሳው ጥቂት ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ስናሰፋ ነው የምንውለው። አዲስ አበባ እያለሁ ስፌት የተማርኩት እናቴ እጄን አጣጥፌ መቀመጤን ስለማትወድ ነው እንጂ እንጀራ ይሆነኛል ብዬ አልነበረም። ሥራውን ስጠይቅ ግን "ከልጅነቴ ጀምሮ የምሠራው ነው" አልኩ። የሱቋ ባለቤት አንድ ሱሪ ሰጥተው አሳጥሪ አሉኝ። አሳጠርኩ። አንደኛው እግር ከሌላው በግማሽ ጣት በልጦ ተገኘ። ሴትዮዋ ሱሪውን አንጠልጥለው አዩትና "የሰውም እግር እኩል አይደለም" ብለው ቀጠሩኝ።

እኚህ ሴት ወላጆቻቸው ከኖርዌይ የመጡ፣ ሰባ ዓመት የሞላቸው መበለት ነበሩ። ማዳም እንላቸዋለን። ሠራተኞቹ ሦስት ነን። አንደኛዋ ከፊሊፒንስ የመጣች፣ አርባ ዓመት ገደማ የሆናት፣ በቀን ከሃያ ቃል በላይ የማትናገር ሴት ናት። ከሁላችንም ረጅም ጊዜ የሠራችው እሷ ናት። ሁለተኛው ከብራዚል የመጡ፣ ስድሳን ያለፉ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሦስተኛዋ እኔ።

ብራዚላዊውን በስማቸው መጥራት አቃተኝ። እንግሊዝኛው አንተንና አንቱን አይለይም፤ አባቴ የሚሆኑ ሰው ፊት ቆሜ ስማቸውን እንዲሁ ባዶውን ልጠራ ስል ምላሴ ይያዛል። በሦስተኛው ቀን ሳላስበው "ጋሼ፣ መቀሱን ያቀብሉኝ" አልኩ። መቀሱን አቀበሉኝና "ጋሼ ምንድን ነው?" አሉ። ታላቅ ወንድም እንደማለት ነው፣ የምናከብረውን ሰው እንዲህ ነው የምንጠራው አልኳቸው። ትንሽ አሰቡበት። ከሰዓት በኋላ አንድ ደንበኛ ስማቸውን ሲጠይቃቸው ኮታቸውን ቆለፉና "ጋሼ" አሉት። ከዚያ ወዲህ በዚያ አካባቢ ሱፍ የሚያሰፋ ሰው ሁሉ "ሚስተር ጋሼ አለ?" እያለ ይገባ ጀመር።

አንድ ቀን ዝናቡ ደንበኛ አስቀርቶብን ሦስታችንም ቁጭ ስንል የቀድሞ ሥራቸውን ጠየቅኳቸው።

"የጦር ሠራዊት ልብስ ሰፊ ነበርኩ" አሉ። "በኋላ ደግሞ የፕሬዚዳንቶች።"

"የስንት ፕሬዚዳንቶች?"

"ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ለክቻለሁ። የአምስተኛውን ሱፍ ሳልጨርስ ወጣሁ።"

ስም አይጠሩም። ሲያትል ተቀምጠው፣ በሩ ተዘግቶ፣ ከእኔና ከፊሊፒናዊቷ በቀር ሰሚ በሌለበት እንኳን ጄኔራሎቹን በቁጥር ነበር የሚጠሯቸው። እኔ ስለ ብራዚል ከእግር ኳስ በቀር የማውቀው አልነበረም። ስለዚህ ከመጀመሪያው አስረዱኝ። ወታደሮቹ መንግሥት ከገለበጡ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ግን አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ተጣብቆ እንዲቀር አልፈለጉም። የአንዱ ዘመን ሲያልቅ ትልልቆቹ ጄኔራሎች በር ዘግተው ይመካከሩና ሌላ ጄኔራል ይመርጣሉ። ከዚያ ፓርላማው ይጠራል፣ ድምፅ ይሰጣል፣ ይጨበጨባል። የተፈቀዱት ፓርቲዎች ለብዙ ዓመት ሁለት ብቻ ስለነበሩ ሕዝቡ ተቃዋሚ የተባለውን "እሺ"፣ የወታደሮቹን "እሺ ጌታዬ" ይላቸው ነበር አሉኝ።

"ታዲያ እርስዎ እዚህ ውስጥ ምን አገባዎት?"

"ሱፍ" አሉ። "የእኛ ጄኔራል ፕሬዚዳንት ሲሆን ዩኒፎርሙን ያወልቃል። ሲቪል ሱፍ ለብሶ፣ በላዩ ላይ ከትከሻ እስከ ወገብ በሰያፍ የሚወርድ የሐር ሪባን አድርጎ ነው ቃለ መሐላ የሚፈጽመው። ዕድሜ ልኩን ካኪ የለበሰ ሰው ደግሞ ደህና ሱፍ የለውም። ማሰፋት አለበት። ጋዜጠኛው ማን እንደሚመረጥ አያውቅም፤ ሚኒስትሩ አያውቅም። አንድ ጄኔራል በአንድ ጊዜ አራት ጥቁር ሱፍ ካዘዘ ግን እኔ አወቅሁ ማለት ነው።"

ሁለተኛው ጄኔራል በሥልጣን ላይ እያሉ በጠና ታመሙ። ሕጉ ምክትላቸው ይተካ ይላል፤ ምክትሉ ግን ሲቪል ናቸው። ስለዚህ የምድር ጦር፣ የባሕር ኃይልና የአየር ኃይል ሚኒስትሮች ሕጉን ወደ ጎን ብለው ሦስቱም አንድ ላይ ተተኩ።

"ሦስቱም ሱፍ አዘዙ?" አልኩ።

"አንዳቸውም" አሉ ጋሼ። "አንዱ ቢያሰፋ ሁለቱ ይጠረጥሩታላ። ሁለት ወር ያህል በየዩኒፎርማቸው ተቀምጠው ተያዩ። እኛ ሥራ ፈታን።"

እኔም በተራዬ የአገሬን ነገርኳቸው። የእኛ ወታደሮች ሲመጡ ከመቶ በላይ እንደነበሩ፣ ስብሰባ ሲገቡና ሲወጡ ቁጥራቸው አንድ እንዳልነበር፣ በመጨረሻም አንድ ሰው ብቻ ወንበሩ ላይ እንደቀረ አስረዳሁ። ጋሼ የሚሰፉትን እጅጌ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በጥሞና አዳመጡኝ።

"ዘመኑ መቼ ነው የሚያልቀው?" አሉ።

"ዘመን የለውም።"

"ተተኪውስ?"

"ተተኪ ለመሆን ያሰበ ሰው አይቆይም።"

"ልብሱስ?"

"ሁሉም አንድ ዓይነት ካኪ ነው የሚለብሱት።"

ጋሼ ከልባቸው አዘኑ። ያዘኑት ለእኔ መሰሎኝ ነበር። "ምስኪን" አሉ፣ "ልብስ ሰፊው።" ከዚያ ቀን ጀምሮ በየምሳው የማን ጭቆና ይሻላል የሚል ክርክር ገባን። እሳቸው የእኛዎቹ ቢያንስ በሥርዓት ይቀያየራሉ ይላሉ። እኔ ደግሞ አንዱን መልመድ አምስት ጊዜ ከመልመድ ይሻላል እላለሁ፤ የማልቀበለውን ነገር ለክርክር ስል ስከላከል ራሴን አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ፊሊፒናዊቷ ክር በጥርሷ በጠሰችና "የእኛው ወታደር አይደለም፣ ጠበቃ ነው። እሱም አልወርድ ብሏል" አለች። የዕለቱን ቃሎቿን ጨርሳ ነበር መሰለኝ፣ እስከ ማታ ሌላ አልወጣትም።

ሬኒየር ሰፈር አብራኝ የምትኖረው የአጎቴ ልጅ ይህን ሁሉ ስነግራት "ከወታደር ሸሽተሽ መጥተሽ የወታደር ልብስ ሰፊ ጎን ተቀመጥሽ?" አለችኝ። እኔም ጥያቄው ከነከነኝና በማግስቱ ጋሼን ለምን እንደወጡ ጠየቅኳቸው።

ምክንያቱ ፀጉር አስተካካይ ቤት ነው። አንድ ቅዳሜ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸው ሳሙና ተቀብቶ፣ ሰዎች ቀጣዩ ማን ይሆን እያሉ ሲከራከሩ ሰሙ። ሁሉም ተሳስቷል። ጋሼ ደግሞ በዚያው ሳምንት ከቡትስ ጫማ ወጥተው የማያውቁ አንድ ጄኔራል ለክተው፣ አራት ጥቁር ሱፍ ታዝዘው ነበር። የሙያ ኩራት ያዛቸውና ስሙን ተናገሩ። ከወራት በኋላ ያ ስም በሬዲዮ ተነገረ። ፀጉር አስተካካዩ የእኔ ደንበኛ አስቀድሞ ያውቅ ነበር እያለ በከተማው ሁሉ ጎረረ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ትሑት ሰዎች በመኪና መጡ።

"ማን ነገረህ? አሉኝ። ወገባቸው አልኩ። ጻፉት። በማግስቱ ሌላ መርማሪ መጣ። ወረቀቱን አነበበና፣ ይህ ወገባቸው የተባለው ሰው ማዕረጉ ምንድን ነው፣ የት ነው የሚኖረው አለኝ።"

እኔ ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ፤ ግን ተነሥተው በሩ መዘጋቱን አዩ። ከሁለት ቀን በኋላ ለቀቋቸው። ሱፎቹን ሌላ ሰው ጨረሳቸው። አሜሪካዊ አግብታ ሲያትል የምትኖር ሴት ልጅ ነበረቻቸውና ወደ እሷ መጡ።

እንዲህ ባለ ሰው ፊት ነው እንግዲህ ማዳም በመከር ወራት አንድ ጠዋት፣ ካፖርታቸውን እንኳን ሳያወልቁ፣ "ኦኬ፣ በሚቀጥለው በጋ ሥራ አቆማለሁ። ሱቁን ከሦስታችሁ አንዳችሁ ትመሩታላችሁ። ማን እንደሆነ ጊዜው ሲደርስ እናገራለሁ" ያሉት። ይህን ብለው ቡና ለመቅዳት ሄዱ።

ጋሼ ፊታቸው በራ። አምስት ዓመት ሙሉ ሥራ የፈታ ችሎታቸው ሥራ አገኘ። ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቤ ተቀመጡና ዝቅ ባለ ድምፅ "አንቺ ነሽ" አሉኝ።

"በምን አወቁ?"

"ትናንት ትከሻሽን ለክተውሻል።"

እውነት ነው፤ ማዳም ምንም ሳይሉ ከኋላዬ መጥተው ትከሻዬን በሜትር ለክተው ሄደው ነበር። ጋሼ ይህን እንደ መንግሥት ምስጢር ያዙት። ከዚያ ቀን ጀምሮም ያሠለጥኑኝ ገቡ። ከማዳም ቀድሜ ሱቅ እንዳልገባ ነገሩኝ፤ ቀድሞ የሚገባ ሰው የቸኮለ ይመስላል። የማዳምን ወንበር እንዳልነካ። ሲያመሰግኑኝ ፊሊፒናዊቷን እንዳመሰግን። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ ጤናዬ አልፎ አልፎ እንዳማርር። "ሥልጣን ላይ ያለ ሰው የሚፈራው ጤነኛ ተተኪ ነው" አሉኝ።

እኔም አመንኳቸው። ሱቁን የመምራት ፍላጎት ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም፤ ሱሪ እኩል ማሳጠር የቻልኩት እንኳን በቅርቡ ነበር። ግን ሰው ትሾሚያለሽ ሲባል ወንበሩ ዓይኑ ላይ ይዞራል። ሁለት ሳምንት ሙሉ አሥር ደቂቃ እያረፈድኩ ገባሁ፤ ሳልኩ፤ ወገቤን ይዤ ተነሣሁ፤ ማዳም "ይህ እጥፋት ጥሩ ነው" ሲሉኝ "ከእሷ አይበልጥም" አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ማዳም ጠሩኝና እጄን ያዙ።

"ልጄ፣ ሥራው ከብዶሽ ከሆነ ንገሪኝ። እህቴም በአንቺ ዕድሜ እንዲህ ነው የጀመራት።" አንድ ማሰሮ ሾርባ አስይዘው በግድ ወደ ቤት ላኩኝ። ለሁለት ቀን ሱቅ እንዳልገባም ከለከሉኝ። ትከሻዬን የለኩት ለምን እንደሆነ ደግሞ ለፈረንጆቹ ገና ታወቀ፤ ለሦስታችንም ሹራብ ሠርተውልን ነበር። የጋሼ ቀይ፣ የፊሊፒናዊቷ አረንጓዴ፣ የእኔ ደግሞ አጋዘን ያለበት። ጋሼ ሹራባቸውን ለብሰው መስተዋት ፊት ቆሙና "መቼ ነው እኔን የለኩኝ?" አሉ። በጣም ተበሳጩ። ማዳም የጋሼን ኮት ከመስቀያው አውርደው ለክተውት ኖሯል።

በጥር ወር ከብራዚል ትልቅ ወሬ መጣ። መራጮቹ ተሰብስበው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጄኔራል ያልሆነ ሰው፣ አንድ ሽማግሌ ፖለቲከኛ፣ ለፕሬዚዳንትነት መረጡ። አሁንም ሕዝቡ በቀጥታ አልመረጠም፤ ቢሆንም ሰውየው የተቃዋሚዎቹ ሰው ናቸው። ጋሼ ዳቦ ቤት ሄደው ኬክ ገዝተው መጡ። "ይኼኛውን ማንም የወታደር ልብስ ሰፊ አስቀድሞ ማወቅ አይችልም ነበር" አሉኝ። "የራሳቸው ሱፍ አላቸው።"

በየካቲት ማዳም እህታቸውን ሊጠይቁ ለአሥር ቀን ሄዱ። ሲሄዱ ቁልፉን ለፊሊፒናዊቷ፣ ስልኩን ለእኔ፣ የቀጠሮ መዝገቡን ለጋሼ ሰጡ። ጋሼ ወዲያው የምድር ጦር፣ የባሕር ኃይልና የአየር ኃይል ነን አሉ። የወንድ ልብስ የምድር ጦር ሆነ። የሴት ቀሚስ የባሕር ኃይል ሆነ። ዚፕና ካውያ ለአየር ኃይል ተረፈ፤ አየር ኃይል እኔ ነኝ። ስልክ ተደውሎ "ልብሴ ደርሷል?" ሲባል ማዕከላዊ መንግሥት ስለሌለ መልስ ለመስጠት ሁለት ቢሮ አቋርጣለሁ። ቢሮዎቹ የሚራራቁት በሦስት እርምጃ ነው።

በአራተኛው ቀን ከኬንት ከተማ አንድ የሙዚቃ አስተማሪ መጣ። የትምህርት ቤት ማርሽ ባንድ ይመራል። ቀጭን፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ሲገባ በሩን በጣም ከፈትኩት ብሎ ይቅርታ የጠየቀ ሰው ነው። የሚመራበት ዩኒፎርም ከእሱ በፊት የነበረው ሰው ልክ ስለሆነ ሰፍቶታል፤ የወርቅ ቀለም ጥልፍና የትከሻ ማዕረግ አለው። ጋሼ ዩኒፎርሙን ሲያዩት ከወንበራቸው ተነሡ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት።

ሦስት ቀን ሙሉ ሌላ ሥራ አልነኩም። ገበሩን ፈቱ፣ ትከሻው ውስጥ ስፖንጅ ጨመሩ፣ ደረቱን ሞሉት፣ ወገቡን አጠበቡት። አስተማሪው ሊለካ ሲመጣ ቀስ ብሎ ለበሰው። መስተዋት ፊት ሲቆም የጎበጠው ጀርባ ቀጥ አለ። አገጩ ከፍ አለ። እኔን በመስተዋቱ ውስጥ አየኝና "ይህን መስተዋት ወደ ግራ አድርጊው" አለኝ፤ ይዞት ባልመጣው ድምፅ። አደረግኩት። ለፊሊፒናዊቷ መብራቱ ደካማ መሆኑን ነገራት። ከዚያ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ፣ አሮጌ ጃኬቱን በላስቲክ ይዞ ወጣ። በሩን ክፍት ትቶት ሄደ።

ሦስታችንም መንገዱን እስኪሻገር አየነው። መኪኖች ቆሙለት።

"ይቅርታ አድርጉልኝ" አሉ ጋሼ። "እጄ ለምዶ ነው።"

በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ጀርባው እንደ ድሮው ጎብጧል፣ በሩንም በቀስታ ዘጋው። ልምምድ ላይ ባንዱን ሊያስጀምር ሁለት እጁን ሊያነሣ ሲል አልነሣ አሉት። ቀኝ እጁ እስከ ቅንድቡ ይደርሳል፤ ግራው ከጡቱ በላይ ንቅንቅ አይልም። ልጆቹ ሰላምታ የሰጣቸው መስሏቸው መልሰው ሰላምታ ሰጡት። ጋሼ ጭንቅላታቸውን ያዙ።

"ሃያ ዓመት ሙሉ ሁለቱንም እጁን የሚያነሣ ደንበኛ ኖሮኝ አያውቅም" አሉ።

ፊሊፒናዊቷ ተነሣች። ኮቱን ከሰውየው ላይ አወለቀችና ሁለቱንም እጅጌ ፈትታ፣ ብብቱን እንደገና ቆርጣ፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ቁጭ ብላ እጅጌዎቹን መልሳ ተከለቻቸው። ጋሼ አጠገቧ ቆመው እጇን ብቻ ያዩ ነበር። ስትጨርስ አስተማሪው ለበሰና እጆቹን ወደ ላይ ወረወራቸው። ደረቱ እንደሞላ፣ ወገቡ እንደጠበበ ነው፤ እጆቹ ግን እንደ ወፍ ይበራሉ። ጋሼ የእጅጌውን ስፌት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ማዳም ሲመለሱ የነገርናቸው ሁሉ ነገር ደህና እንደነበር ነው።

በመጋቢት አንድ ጠዋት የጋሼ ልጅ ሱቅ ድረስ ኮል አደረገች። ጋሼ ስልኩን ይዘው ብዙ ሰሙ፣ ጥቂት ተናገሩ። የተመረጡት ሽማግሌ ቃለ መሐላ ሊፈጽሙ አንድ ቀን ሲቀራቸው ሆስፒታል ገብተዋል። በምትካቸው ምክትላቸው ማሉ። ምክትሉ ደግሞ እስከ ትናንት ድረስ ከ"እሺ ጌታዬ" ወገን የነበሩ ሰው ናቸው። አምስተኛው ጄኔራል ለእኚህ ሰው ሪባኑን አላስረክብም ብለው በሌላ በር ወጥተው ሄደዋል።

"የሽማግሌው ሱፍ ተዘጋጅቶ ነበር" አሉ ጋሼ። "ተተኩሶ ተሰቅሎ ይሆናል።"

ከዚያ የመለኪያ ክፍሉ ውስጥ ገብተው መጋረጃውን ዘጉ። አንዲት ደንበኛ ቀሚስ ልትለካ መጣችና ክፍሉ ተይዟል አልናት። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቀች። ጋሼ ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ ደንበኛዋን በአክብሮት እጅ ነሥተው አሳለፏት። ሽማግሌው ከወር በላይ ከታመሙ በኋላ ሞቱ። በዚያ ቀን ጋሼ እጅጌያቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ ሰፍተው መጥተው እስከ ማታ ሠሩ።

በማግስቱ ማዳም ፊት ሄደው ቆሙ። እኔ ካውያው ጋ ስለነበርኩ ሁሉንም ሰማሁ።

"ማዳም፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። እባክዎ እርስዎ አይምረጡ።"

"ምኑን?"

"ተተኪውን። እኛ እንምረጥ። እኔ ስድሳ አራት ዓመቴ ነው። ማን እንደሚመረጥ ቀድሜ ሳውቅ ኖሬያለሁ። እኔ ራሴ ማንን እንደምፈልግ ግን ከሃያ ዓመት ወዲህ የጠየቀኝ የለም።"

ማዳም መነጽራቸውን አወለቁ። "ከመከር ጀምሮ እንቅልፍ አጥቼ ነበር" አሉ። "ገላገልከኝ።"

ምርጫው ዓርብ ከመዝጊያ በፊት እንዲሆን ተወሰነ። ማዳም ስም በወረቀት ጻፉ ሲሉ ጋሼ የእጅ ጽሕፈት ሰውን ያስይዛል ብለው እምቢ አሉ። ስለዚህ በኮት ቁልፍ ሆነ። ጥቁሩ የጋሼ፣ ነጩ የፊሊፒናዊቷ፣ ቡናማው የእኔ። እያንዳንዳችን ሦስቱንም ዓይነት ይዘን ተራ በተራ መለኪያ ክፍል እንገባለን፤ የምንመርጠውን አንድ ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ፣ የቀሩትን ደግሞ አንድ ከረጢት ውስጥ እንከታለን።

ፊሊፒናዊቷ ገብታ ወዲያው ወጣች። ቀጥዬ እኔ ገባሁ። በሕይወቴ ድምፅ ሰጥቼ አላውቅም። ሦስት የኮት ቁልፍ መዳፌ ላይ ይዤ መስተዋት ውስጥ ራሴን አየሁ። ነጩን ልጥል አስቤ ነበር፤ እውነቴን ነው። የዚያን የኬንት ሰውዬ እጅጌ አይቻለሁ። ግን ጋሼ "አንቺ ነሽ" ያሉኝ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ የእሳቸው ድምፅ ያለጥርጥር የእኔ ነው፣ አንድ ከጨመርኩበት ሁለት ይሆናል ብዬ አሰላሁ። ቡናማውን ጣልኩት። ቆርቆሮው ሲጮህ ሱቁ ሁሉ ማንን እንደመረጥኩ የሰማ መሰለኝ።

ጋሼ ሩብ ሰዓት ቆዩ። ማዳም በመጋረጃው በኩል "ደህና ነህ?" ብለው ጠየቁ። "ምርጫ ላይ ነኝ" የሚል መልስ መጣ። ሲወጡ ፀጉራቸውን አበጥረው ነበር።

ማዳም ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። ሁለት ነጭ፣ አንድ ቡናማ።

ፊሊፒናዊቷ አፏን በእጇ ያዘች። ማዳም አቀፏት። እኔም አቀፍኳት፣ እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት፤ ጉንጬ ግን እንደ ካውያ ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው። ነጩን አንዱን ራሷ ጥላለች፤ ቡናማውን እኔ ነኝ የጣልኩት። ሌላው ነጭ የጋሼ ነው።

አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ አብረን ሄድን። ካፊያ ነበር። ዝም ብዬ ልቀር አልቻልኩም።

"ጋሼ፣ ከመከር ጀምሮ ሲያሠለጥኑኝ ከርመው?"

"ያሠለጠንኩሽ እኮ ማዳም እንዲመርጡሽ ነው" አሉ። "ያ ሌላ ሥራ ነው። እዚያ ውስጥ ስገባ ግን ማን ይመረጣል አልተባልኩም። ማን ይሻላል ነው የተባልኩት። ብዙ ቆሜ አሰብኩ። አንቺ ለእኔ ልጄ ነሽ። እጅጌ መትከል ግን አትችዪም።"

ጥላዬን ዘርግቼ ሰጠኋቸው። ከዚያ "ቡናማውን ማን እንደጣለው አውቀዋል?" አልኳቸው።

"አውቄያለሁ።"

"አፍሬያለሁ።"

"አትፈሪ" አሉ። "መሪ የሚሆኑ ሰዎች ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። አንቺ ቢያንስ ቀላሻል።" አውቶቡሱ መጣ፤ እሳቸው የእኔን ጥላ ይዘው ሄዱ፣ እኔ እየበሰበስኩ ሬኒየር ገባሁ።

ፊሊፒናዊቷ በሰኔ ሱቁን ተረከበች። ማዳም በሳምንት ሁለት ቀን ቡና ሊጠጡ እየመጡ ስለ ሁሉም ነገር አስተያየት ይሰጡ ነበር፤ አዲሷ አለቃችን በትዕግሥት ታዳምጣቸውና የራሷን ታደርጋለች። የንግግሯ ቁጥር ወደ ሠላሳ ቃል ከፍ አለ። መጀመሪያ ያደረገችው እኔን አጠገቧ አስቀምጣ እጅጌ መትከል ማስተማር ነው። ከተከልኩት ውስጥ ስንቱን እንዳስፈታችኝ አልናገርም። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ጋሼ ከአራት ዓመት በኋላ ለጉብኝት ብለው አገራቸው ገቡ፤ ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ የሚመርጥበት ጊዜ ነበር። እኔ ያኔ የራሴን ደንበኞች ይዤ ስካይዌይ ሰፈር ቤቴ ውስጥ መስፋት ጀምሬ ነበር። አንድ እሑድ ስልኩ ጮኸ፤ የጋሼ ድምፅ በጣም ሩቅ ሆኖ መጣ። ፀሐይ ላይ ሦስት ሰዓት ተሰልፈው እንደቆሙ፣ ከኋላቸው የነበሩ አሮጊት ትከሻቸውን ተደግፈው እንዳንቀላፉ፣ የመረጡት ሰው ደግሞ ገና በመጀመሪያው ዙር እንደወደቀ ነገሩኝ። ድምፃቸው ግን ሎተሪ እንደደረሰው ሰው ነበር።

"ታዲያ ምን ያስደስትዎታል?" አልኳቸው።

"ማን እንደሚያሸንፍ አላወቅኩም ነበር" አሉ። "እስከ መጨረሻው አላወቅኩም።" ከዚያ ስለ ሲያትል ዝናብ ጠየቁኝ፣ ለአለቃችን ሰላምታ እንዳደርስ አደራ አሉኝ፣ የልጃቸው ጎረቤት የሆነ አንድ ፈረንጅ የጥርስ ሐኪም ያዘዘው ሱሪ ተሰፍቶ አልቋልና ልጃቸው ቤት ካለው ቁም ሣጥናቸው አውጥቼ እንዳደርስለት አዘዙኝ። አደረስኩለት። አጥሮት ነበር።